ጥጋብ የገደለው ሞተር

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ነገሌ ውስጥ፣ የጭነት መኪኖች ከሚቆሙበት ሜዳ ጥግ፣ በቆርቆሮ በተሠራች አንዲት ሱቅ የመኪና ዕቃ እሸጥ ነበር፤ ፊልትሮ፣ ቺንጋ፣ የሞተር ዘይት፣ ጋርኒሲዮን። ከስምንተኛ ክፍል ወዲያ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። የማውቀውን ያወቅኩት ካርቶን ላይ ከተጻፈው፣ ሾፌሮች ከሚጥሉልኝ ያረጀ የመኪና መጽሐፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሾፌሮቹ አፍ ነው። ሾፌር ዕቃ ብቻ ገዝቶ አይሄድም። መኪናው የት ላይ እንደታመመ፣ እንዴት እንዳቃሰተ፣ ማን ዓይኑን እንደጣለበት ሳይቀር ካልነገራችሁ ሆዱ አይረጋም። እኔ ደግሞ ወሬ እወዳለሁ። አንድ በርጩማ ነበረችኝ፤ "ቁጭ በል እስቲ" እላለሁ፣ እሰማለሁ።

በዚያ ዓመት ወንድሜ የራሱን መኪና ገዛ። በስድስት ዓመት ይበልጠኛል፤ አሥር ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ሲነዳ ኖሯል። የሰው መኪና መንዳት ምን እንደሆነ የነዳ ያውቀዋል። ጎማ ሲፈነዳ ጥፋቱ የሾፌሩ ነው፣ ከብት ሲታፈን ጥፋቱ የሾፌሩ ነው፣ በሰላም ሲገባ ግን ጎበዙ መኪናው ነው። ከዚህ ነው የወጣው። መኪናዋ አዲስ አልነበረችም፤ ሞተሯ ግን ቱርቦ ነበረው፤ በእኛ ሜዳ ያኔ ቱርቦ ያላቸው መኪኖች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከአሬሮና ከፊልቱ ከብት እየጫነች ወደ ነገሌ እንድታመላልስ ነበር የታሰበው። እናታችን አርፋለች፣ አባታችን ሥራ ከቀዘቀዘባቸው ቆይቷል፣ ሱቋ እኔን ራሴን በወጉ አትችልም። ያቺ ሞተር ከዘለቀች ቤታችን ይዘልቃል፤ ካልዘለቀች ወንድሜ ተመልሶ የሰው መሪ ይጨብጣል። ነገሩ ይኸው ነበር።

አባባ ከሰሜን መጥተው ነገሌ የቀሩ ወታደር ነበሩ። ተኳሽ ግን አልነበሩም፤ የሠራዊቱ መካኒክ ነበሩ። እኔ የተወለድኩት ካምፑ አጠገብ ነው፤ ከጎረቤት ልጆች ጋር የምንጫወተው የተበላሹ ካሚዮኖች ሥር ነበር። አባባ ሲሠሩ አጠገባቸው ቆሜ ካቻቢቴ አቀብላለሁ። ወንድሜን ጠርተውት አያውቁም፤ እሱ ኳስ ሜዳ ነው የሚውለው። እኔንም ቢሆን ሙያ ላስተምርሽ ብለው አልነበረም፤ ቅርብ ስለሆንኩ እንጂ። ሲያቀብሉ ግን ማየት ይመጣል።

አባባ አንድ አባባል ነበራቸው። "ሞተርን የሚገድለው ረሃብ ነው" ይሉ ነበር። "ጥጋብ ሰውን ነው የሚገድለው። ሞተርን ረሃብ።"

ይሄ ባዶ ወሬ አልነበረም። ካምፑ ውስጥ የነበሩት ካሚዮኖች ቤንዚን የሚጠጡ ነበሩ። የቤንዚን ሞተር አየሩም ነዳጁም በልክ ተቀላቅሎ ነው የሚገባለት። ነዳጁ ከልኩ ትንሽ ሲያንስ ድብልቁ ይሳሳል፣ እሳቱ ይከራል፣ ቫልቩ ይቃጠላል። ይሄ ሁሉ በደጋ ብርድ ሳይሆን በዚህ በቆላው ፀሐይ ሲሆን ደግሞ አስቡት። አባባ ካርቡራተሩን ነካ አድርገው ነዳጁን ወፈር ሲያደርጉለት ሲንተከተክ የነበረው ሞተር ይረጋል፤ ትርፉ ነዳጅ ራሱ ያበርደዋል። ስንት ካሚዮን እንዲህ አድርገው ከበረሃ መልሰዋል። መቶ አለቆች ትከሻቸውን መታ መታ አድርገው የሚያመሰግኗቸው በዚህ ነበር። ልክ ነበሩ። ክፋቱም እሱ ሆነ። ተሳስተው ቢሆን ኖሮ በጊዜ ይተዉት ነበር።

ሠራዊቱ ሲበተን አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባባ ጥቂት ወራት ጠፍተው ከረሙና በእግራቸው ነገሌ ገቡ። ከዚያ በኋላ አንድ የግራር ዛፍ ሥር ጋራዥ ከፈቱ። መጀመሪያ ሰው ነበራቸው። እያደር ግን የቤንዚን ካሚዮኖች ከመንገድ ጠፉ፣ ሁሉም በናፍጣ የሚሄድ ሆነ፣ ወጣት መካኒኮች መጡ። አባባን ሰው "ሻምበል" እያለ ያከብራቸዋል፤ ሻምበል ሆነው አያውቁም፤ መኪናውን ግን ሌላ ጋ ይወስዳል። አክብሮትና ሥራ አብረው እንደማይመጡ ያወቅኩት ከእሳቸው ነው። ስለዚህ ወንድሜ መኪና ሲገዛ የአባባ ዓይን እንደ ልጅ ዓይን በራ። በመጨረሻ "ሌላ ጋ" የማይሄድ አንድ መኪና መጣላቸው።

በመጀመሪያው ወር ወንድሜ ከአሬሮ ተመለሰና "የዳዋን ወንዝ ተሻግሬ ዳገቱን ስወጣ ትሞቅብኛለች" አለ።

"ርቧት ነው" አሉ አባባ፣ ኮፈኑን ሳይከፍቱ ገና።

የናፍጣ ሞተር ካርቡራተር የለውም። ናፍጣውን እየለካ የሚልከው ፖምፓ የሚባለው ዕቃ ነው። ፖምፓው ላይ፣ መኪናው በሙሉ ኃይሉ ሲጎትት ምን ያህል ናፍጣ ይሂድ የሚለውን የሚወስን አንዲት ብሎን አለች። ከፋብሪካ ስትመጣ በሽቦና በእርሳስ ታሽጋ ነው፤ አትንኩኝ ማለቷ ነው። አባባ ሽቦውን በፒንሳ ቆረጡት። አንድ ዙር ከፈቱላት።

መኪናዋ ተቀየረች። መናገር ያለብኝን ልናገር፤ ጎበዝ ሆነች። ወንድሜ ሞክሯት ሲመለስ ጥርሱ አይከደንም። "አባባ፣ ነፍስ ዘሩባት" አላቸው። ከኋላዋ ግን ጥቁር ጭስ እንደ ነጠላ ተዘርግቶ ይቀራል።

በሌላ አገር ቢሆን ጭሱ ያሳፍር ነበር። በእኛ ግን ጭሱ ጭነት አመጣ። የከብት ገበያ ቀን ነጋዴዎች መኪና ሲመርጡ ወግ አላቸው፤ ጎማ አያዩም፣ ዘይት አይጠይቁም። ሾፌሩን "እስቲ አስነፍሳት" ይሉታል። ነዳጁን ረግጦ ሞተሩን ያስጮኻል፤ እነሱ ከኋላ ቆመው ጭሱን ያያሉ። ኮርማ ሊዋጋ ሲል በአፍንጫው አቧራ እንደሚያስነሳው ነው የሚያስቡት። ጭሱ ጥቁርና ወፍራም ከሆነ "ኮርማ ናት" ይላሉ፣ ከብታቸውን ይጭናሉ። ጭሱ ከሳሳ "ጊደር ናት" ብለው ይስቃሉ፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። የወንድሜን መኪና ያስነፈሰ ሁሉ ሌላ አይጠይቅም ነበር። ሁለት ወር ውስጥ ከሜዳው የመጀመሪያዋ ተጫኝ እሷ ሆነች። አባባም ገበያ መዋል ጀመሩ፤ ዱላቸውን ተደግፈው ጭሱን ሲያዩ ልጃቸው ዲፕሎማ ሲቀበል የሚያይ አባት ይመስሉ ነበር።

አሁን ስለ አዴ ልንገራችሁ።

አዴ የቦረና ሴት ናቸው፤ ስማቸውን ትቼ ሁሉም እንደሚጠራቸው ልጥራቸው። አሬሮ ላይ ናፍጣ በበርሜልና በጀሪካን ይሸጣሉ። በየሁለት ሳምንቱ ነገሌ መጥተው በርሜላቸውን ያስሞላሉ፤ እስኪሞላ ድረስ እኔ ሱቅ በርጩማዋ ላይ ይቀመጣሉ። ባላቸው ከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ሞተዋል። ሲያገቡ ጀምሮ ባላቸው አጠገብ ተቀምጠው ያልሄዱበት መንገድ የለም። ናፍጣ ሲቀዱ በሁለት ድርብ ጨርቅ ነው የሚያጠልሉት፤ ጨርቁን ራሳቸው ያጥቡታል፤ ፀሐይ ላይ ሰጥተው ሲጠብቁት ልጅ የሚጠብቁ ነው የሚመስለው። በጀሪካን የሚሸጥ ናፍጣ ነጭ ጋዝ ይቀላቀልበታል ተብሎ ሁሌም ይታማል፤ ብዙውም ሐሜት አይደለም። የአዴን ግን የሚያማ አልነበረም።

አንድ ቀን ተቀምጠው ሳለ የወንድሜ መኪና በፊታችን አለፈች።

"ያቺ የምትጨሰው የማን ናት?" አሉኝ።

"የወንድሜ ናት፣ አዴ።"

"ማን ነካካት?"

"አባባ ናቸው።"

ትንሽ አሰቡና "አባትሽ የካምፑ መካኒክ አልነበሩም? የቤንዚኑ?" አሉ።

"አዎ፣ እሳቸው ናቸው።"

"እንዲያ በይኝ እንግዲህ።" ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። "ልጄ፣ ቤንዚን ሲርበው ነው የሚቃጠለው። ናፍጣ ግን እንደሱ አይደለም። ናፍጣ ሲጠግብ ነው የሚቃጠለው።"

"እንዴት ነው የሚገለበጠው?"

"ናፍጣ አየሩን እንደፈለገ ይስባል፤ ማንም አይለካለትም። የሚለካለት ናፍጣው ነው። ናፍጣ በጨመርሽ ቁጥር እሳት ጨመርሽ ማለት ነው። አየሩ ያልደረሰው ናፍጣ ያው እንደምታይው ጭስ ሆኖ ይወጣል። የነደደው ደግሞ ያለልክ ነዶ ሲወጣ ቱርቦዋን ነው የሚያገኛት።"

ቱርቦ የምትሽከረከረው በሞተሩ ትኩስ ጭስ ነው። ጭሱ በአንድ በኩል እየገፋ ያሽከረክራታል፣ እሷ በሌላ በኩል አየር ጠቅጥቃ ወደ ሞተሩ ትልካለች። በውስጧ የምትሽከረከረው ትንሽ የብረት መዘውር ክንፎቿ ከሰው ጥፍር የማይወፍሩ ናቸው። ይሄን እኔም አውቅ ነበር፤ የተሰበረ ቱርቦ ይዘው ሱቄ የሚመጡት ብዙ ነበሩ። የማላውቀው የቀረውን ነበር።

"ዳገት መሀል ላይ እንደ አንጥረኛ ብረት ትቀላለች" አሉ አዴ። "ዘይቷ ውስጧ ይከስላል። እሷ ስትደክም አየሩ ያንሳል፣ አየሩ ሲያንስ ናፍጣው ይበልጥ ይበዛል፣ ከዚያ ፒስተኑ ነው። የእኔ ባል ሦስት ቱርቦ ቀብሮ ነው ይሄን የተማረው።" ሳቅ አሉ። "እኔ ግን አንድም ሳልቀብር ተማርኩ። አጠገቡ ተቀምጬ።"

ከዚያ ቀን በኋላ ሾፌር የተሰበረ ቱርቦ ይዞ ሲመጣ ክንፎቹን በጣቴ እዳስሳለሁ፤ ጫፋቸው እንደተቃጠለ ፕላስቲክ የተሸበሸበ፣ ግማሹ የጠፋ። "ትጨስ ነበር?" ብዬ እጠይቃለሁ። "እንዴታ፣ ኮርማ ነበረች" ይሉኛል። ሁሉም እንዲህ ነው የሚሉኝ፤ በኩራት።

አባባን ለመጠየቅ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ምሳ ላይ፣ ወንድሜም ባለበት አነሳሁት።

"አባባ፣ ያቺ መኪና በዝቶባት ይሆን የምትጨሰው?"

"ምኑ ነው የሚበዛባት?"

"ናፍጣው።"

"በልቶ የሞተ ሞተር አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"ሱቅ የሚመጡት ቱርቦዎች ሁሉ የጨሱ ናቸው። ክንፋቸው ተበልቶ ነው የሚመጡት።"

"ሱቅ የሚመጣው ዕቃ ነው፣ ልጄ። እኔ የማወራሽ ስለ ሞተር ነው።" ጎርሰው አላመጡ። "ማን ነው ይሄን ያለሽ?"

"አዴ ናቸው። የአሬሮዋ።"

አባባ ቆም ብለው ወንድሜን አዩት። "ናፍጣ ሻጭ ናፍጣ ቀንሱ ካለች፣ ወይ እሷ ሞኝ ናት፣ ወይ እኛን ሞኞች አድርጋናለች።"

ወንድሜ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ቀልዳቸው ሁሌም ጥሩ ነበር። በቀልድ የተዘጋ ነገርን መልሶ መክፈት ከባድ ነው፤ ከከፈታችሁት አኩራፊዎቹ እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ ያደረግኩትን በስውር አደረግኩ። አንድ እሁድ ረፋድ ላይ አባባ ቤተ ክርስቲያን ሄደው፣ ወንድሜም ተኝቶ ሳለ፣ ግቢ ውስጥ የቆመችውን መኪና ኮፈን ከፈትኩና ብሎኗን ወደ ቦታዋ መለስኳት። ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁት ሥራ ነው። አባባ የከፈቱትን አንድ ዙር ብቻ፣ ከዚያ በላይ አይደለም። ደስ አለኝ። የሰው ሕይወት ያተረፍኩ መሰለኝ። ለወንድሜ አለመንገሬ ነው ጥፋቱ። ብነግረው ለአባባ ይነግራል ብዬ ፈራሁ፤ የፈራሁት ቢቆጡ ብዬ አይደለም፣ ቢያዝኑ ብዬ ነው።

የገበያ ቀን አብሬ ነበርኩ። አንድ የታወቀ የከብት ነጋዴ ከኋላ ቆመ፤ ከሱ ጋር ሌሎች አምስት ስድስት።

"እስቲ አስነፍሳት" አለው።

ወንድሜ ረገጠ። ሞተሯ ጮኸች፣ ከኋላዋ ግን የወጣው ቀጭን ግራጫ ነገር ወዲያው ነፋስ ወሰደው።

ነጋዴው ወንድሜን በትዝብት አየው። "ምነው፣ ወለደች እንዴ?"

ሰዎቹ ሳቁ። አንዱ ደግሞ "እሷማ ጊደር ናት፤ ለወተት ነው የሚፈልጋት" አለ። ወንድሜ ደግሞ ረገጠ፣ ደግሞ ረገጠ። ነጋዴው ከብቱን ከጎን ባለችው፣ ሸጋ አድርጋ በምትጨሰው መኪና ላይ ጫነ። አባባ ዱላቸውን እንደተደገፉ ቆመው ነበር። ቤት እንደገባን ኮፈኑን ከፈቱ። ብሎኗን ሲያዩ የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም።

"አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ፣ አባባ። እንዳትቃጠልበት ብዬ ነው።"

የጠበቅኩት ቁጣ አልመጣም። "ካምፕ ውስጥ መቶ አለቃ እንኳ እኔ የነካሁትን አይነካም ነበር" አሉ ቀስ ብለው፤ ለእኔ ሳይሆን ለሞተሩ የሚናገሩ ይመስል። ከዚያ ብሎኗን መልሰው ከፈቱ፤ ከበፊቱም ሩብ ዙር ጨመሩ። ላይዋን ቀይ ቀለም ቀቧት፤ የነካት ሰው ቢኖር እንዲታወቅ። ለእኔ የተቀባ ቀለም ነበር።

ወንድሜ ወደ ሱቅ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። "ኢንጂነሯ" አለኝ፤ ሲያሾፍብኝ እንዲያ ነበር የሚለኝ፤ ያን ቀን ግን እያሾፈ አልነበረም። "ሱቅሽን ጠብቂ። ሞተሬን ለቀቅ አድርጊልኝ። ዛሬ ያጣሁትን ጭነት አንቺ አትከፍዪኝም።"

ለቀቅ አደረግኩ። ሰባት ወር ሙሉ ለቀቅ አደረግኩ። መኪናዋ በሱቄ ፊት ባለፈች ቁጥር ጭሱን እያየሁ፣ አቧራው የዘጋውን የአየር ፊልትሮ ለወንድሜ ያለ ዋጋ እየቀየርኩ፣ "ዳገት ወጥተህ እንደቆምክ ሞተሩን አታጥፋ፤ ቱርቦዋ ትብረድ" እያልኩ። እሱም እሺ እያለ ሳያደርገው። አባባ ከእኔ ጋር ማውራት ጀምረው ነበር፤ ስለ ሞተር ግን አይደለም።

በበጋው መጨረሻ፣ አገሩ ሁሉ እንደ አመድ በነጣበት ሰሞን፣ ወንድሜ ከአሬሮ አሥራ ስድስት ከብት ጭኖ ሲመጣ ዳዋን ተሻግሮ ዳገቱ እኩሌታ ላይ መኪናዋ ቆመችበት። እኩለ ቀን ነበር። ወንድሜ እንደነገረኝ መጀመሪያ ቱርቦዋ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ አወጣች። ቀጥሎ ጉልበት አጣች። እሱ ደግሞ ኃይል ስታጣ የሚደረገውን አደረገ፤ ረገጠ። ጭሱ ከጥቁር ወደ ሰማያዊ ተለወጠ፣ አንድ ነገር ውስጧ ተመታ፣ ሞተሯ ነከሰ። ከዚያ በኋላ አንድ ዙር እንኳ አልዞረችም።

ከብቶቹ እላይ ናቸው። ማውረጃ የለም፣ ጥላ የለም። አብሮ ይጓዝ የነበረው የከብቶቹ ባለቤት ነጋዴ ጎኗን ከፍተው እንዲያዘልሏቸው አዘዘ። አንዱ በሬ እግሩ ተሰበረና እዚያው መንገድ ዳር ታረደ። ሁለቱ ሙቀቱ ጎድቷቸው አልተነሡም። የቀሩትን እረኞች በእግር ነዷቸው። ወንድሜ ሁለት ቀን መኪናዋ ሥር ተኝቶ ጠበቀ፤ ከዚያ ሌላ መኪና ጎትታ ነገሌ አስገባቻት። ሲገባ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር። ውሃ ሰጠሁት፤ ጠጣ።

አባባ ሞተሩን በሦስተኛው ቀን ፈቱት። ዛፉ ሥር ሸራ ተነጥፎ፣ ወንድሜና እኔ አጠገባቸው ቆመን። ቴስታታው፣ የሞተሩ ክዳን፣ ሲነሣ ሦስተኛው ፒስተን አናቱ ቀልጦ፣ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ከፍቶ ይታያል። ቱርቦዋን ሲፈቱ ክንፎቿ አልነበሩም። ጉቶ ብቻ። ሱቄ ውስጥ በጣቴ ስዳስሳቸው እንደኖርኩት ነው፤ ልዩነቱ ይሄኛው የእኛ መሆኑ ነው።

"ምንድን ነው እንዲህ ያደረጋት?" አለ ወንድሜ።

አባባ ፒስተኑን አገላበጡት። ለረጅም ጊዜ አገላበጡት። ያወቁ ይመስለኛል። እስከ ዛሬም ድረስ ያወቁ ይመስለኛል፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

"የት ነበር የቀዳኸው?" አሉ።

"አሬሮ። ከአዴ።"

"በቃ። ጋዝ ተቀላቅሎበታል። ነጭ ጋዝ ደረቅ ነው፣ ፒስተን ያነድዳል። ሌላ ምን ትፈልጋለህ።"

ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺስ? ታነቢ የለም እንዴ። እውነት ነው?"

አባባ አላዩኝም። ፒስተኑን በጨርቅ ይጠርጉ ነበር፤ ንጹሕ ነበር፣ ግን ይጠርጉት ነበር። እጃቸውን አየሁት። አርጅቷል። ካምፑ ውስጥ ትከሻቸውን መታ መታ ያደረጉላቸው ሰዎች ሁሉ ሞተዋል ወይም ሄደዋል። ያቺ መኪና ብቻ ነበረቻቸው፤ አሁን እሷም የለችም። "አንቱ ነዎት ያቃጠሏት" የሚለውን ቃል ምላሴ ላይ አድርጌ ማውጣት አቃተኝ።

"ሊሆን ይችላል" አልኩ።

በቃ፣ ይቺን ነው ያልኩት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተናግሬያለሁ፤ ወሬኛ ነኝ። እንደሷ ያለ ከባድ ነገር ግን ተናግሬ አላውቅም።

ወንድሜ ወደ ሜዳው ሄዶ ለሾፌሮቹ ነገረ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሌላው እንዳይቃጠል ብሎ ነው። ነጋዴውም ከብቱ ስለሞተበት በየገበያው አወራው፤ አሬሮም፣ ፊልቱም። ሁለት ወር ሳይሞላ ከአዴ የሚቀዳ ጠፋ። ስለ ሌሎቹ ጀሪካን ሻጮች ሲባል የኖረው ሁሉ በአንድ ጊዜ እሳቸው ላይ ተለጠፈ። "እኔማ ድሮም ጠርጥሬ ነበር፣ ያ ሁሉ ማጥለል ለምንድን ነው?" ሲል አንድ ሾፌር እዚሁ ሱቄ ውስጥ፣ እዚያችው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሰማሁት። የጠየቀውን ፊልትሮ ሸጥኩለት።

አዴ አንድ ጊዜ መጡ። ያለ በርሜል ነበር የመጡት። አልተቀመጡም።

"ናጋ ነሽ፣ ልጄ?"

"ናጋ፣ አዴ። ግቡ እንጂ።"

"ናፍጣዬ ሞተር ገደለ አሉ።"

"ሰምቻለሁ።"

"ፒስተኑን አይተሽዋል?"

"አይቻለሁ።"

"ቱርቦዋንስ?"

"እሷንም።"

"እና ምን አልሽ?"

ደንበኛ ቢገባ ብዬ ወደ በሩ አየሁ። ማንም አልገባም።

"ምንም አላልኩም፣ አዴ።"

"ምንም አላልሽም" አሉ፤ ጥያቄ አልነበረም፤ መስማታቸውን ለማረጋገጥ የደገሙት ይመስል ነበር። መደርደሪያውን አንድ ጊዜ ቃኙት፤ ዘይቱን፣ ቺንጋውን። "አንቺ ደህና ተማሪ ነበርሽ። ናጋቲ" ብለው ተሰናብተው ወጡ። ከዚያ ወዲያ ነገሌ ሲመጡ በሱቄ በኩል አላለፉም፤ ቆይተውም መምጣቱን ተዉት።

መኪናዋን ወንድሜ ያለ ሞተር ሸጣት። ተመልሶ የሰው መኪና መንዳት ጀመረ፤ ያው ያመለጠው ነገር። አባባ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖሩ። ሥራ የለም፤ ዛፉ ሥር ግን ይቀመጣሉ፤ ወጣት ሾፌሮች ሰላም ሊሏቸው ሲያልፉ ያስቆሟቸዋል። "ከአሬሮ ናፍጣ እንዳትቀዳ" ይሏቸዋል። "አንዲት ሴትዮ ነበረች፣ የልጄን ሞተር በጋዝ የገደለች።" ታሪኩ እያደር አማረባቸው፤ ሴትዮዋ ሌሊት ስትቀላቅል የታየች ሁሉ ሆነች። እኔ ምሳቸውን ይዤ ስደርስ ያወራሉ። ሳህኑን አስቀምጬ እሄዳለሁ። መጨረሻ ላይ ታመው ሳለ እንኳ አላነሣሁባቸውም። በሕይወት ያለ ሰው ይከፋዋል እያልኩ ተውኩት፤ ሌላ በሕይወት ያለ ሰው ከፍቶት አሬሮ ላይ መቀመጡን እያወቅኩ።

ተዝካራቸው ባለፈ ሳምንት ወንድሜ ቤት መጣ። ድንኳኑ ተነሥቷል፣ የተዋስነውን ወንበር እየቆጠርን ነው። ነገርኩት። እሱ የሚያውቀውን ብሎኗንና እሁዱን ሳይቀር፣ አዴ ያሉኝን፣ ፒስተኑን ሳይ ያወቅኩትን። ሁሉንም።

"ያኔ ጠይቄሽ ነበር" አለኝ።

"ጠይቀኸኝ ነበር።"

"ፊቴ ላይ ነው የጠየቅኩሽ።"

"አዎ።"

ወንበሮቹን ጨርሶ ጫነና ሄደ።

በዚያው ሳምንት ወደ አሬሮ ጭነት ነበረበት። ከብቱ እስኪጫን ድረስ አዴን ፈለጋቸው። ቤታቸው ተሸጦ ስልክ የሚጠገንበት ሱቅ ሆኗል። ጎረቤቶቹ ናፍጣው ካቆመ በኋላ ወደ ሞያሌ፣ ወደ እህታቸው ሄደዋል አሉት፤ አንዲት ሴት ግን እዚያ ሞተዋል ሲባል ሰምቻለሁ አለችው። የሚያውቅ ሌላ ሰው አላገኘም። ከብቱን ጭኖ ተመለሰ፤ ማግስቱን ሱቅ መጥቶ ይሄንኑ ቆሞ ነገረኝና ወደ ፊልቱ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በዓል ሲሆን ቤት ይመጣል፣ ከልጆቼ ጋር ይጫወታል። ፊልትሮውን ግን የሚገዛው ከሌላ ሱቅ ነው።